ቫኪዩም ስትሠሩ ሆዳችሁ አልገባ ካለ፦ ከትንፋሽ ጀምሮ ቆሞ እስከ መያዝ

ጂም ውስጥ መስታወት ፊት ቆሞ ቫኪዩም፣ ማለትም ሆድን ወደ ውስጥ አስገብቶ የመያዝ ልምምድ፣ የሚሞክር ሰው ስታዩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙው ሰው መጀመሪያ አየር ይስባል። ደረት ይነፋል፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ ሆድ ጥቂት ገባ ይልና ድርቅ ብሎ ይቀራል። ፊት ይቀላል፣ አንገት ይገተራል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ይሠሩና “ምንም ለውጥ የለውም” ብለው ይተዉታል። እንዲህ ከተሠራ ለውጥ ሊመጣ አይችልም። ሳንባ በአየር ሲሞላ ድያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) ወደ ታች ይወርዳል፣ ድያፍራም ሲወርድ ደግሞ ጨጓራና አንጀትን ወደ ፊት ይገፋል፣ ስለዚህ ሆድ የሚገባበት ቦታ አያገኝም።

እኔም ሦስት ወር ያህል የሠራሁት እንደዚያ ነበር። ያስተካከለኝ ለወገብ ሕመም ስመላለስ ያገኘሁት ፊዚዮቴራፒስት ነው። ሆዴ ላይ እጁን አስቀምጦ “ይሄን ጡንቻ ፍታው፣ ምንም አትሥራበት” አለኝ። የገባኝ ያኔ ነው። ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሥሩት። ደረጃ አትዝለሉ።

መጀመሪያ፦ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?

ይጠቅማል። የሚጠቅመው ግን ለተወሰነ ነገር ነው።

ከሆድ ጡንቻዎች ሁሉ ከሥር ያለ፣ ከጀርባ ተነስቶ በጎን ዞሮ ፊት ለፊት የሚገናኝ ሰፊ ጡንቻ አለ። በሕክምና ስሙ ትራንስቨርሰስ አብዶሚኒስ ይባላል። ቃጫው አግድም ነው የሚሄደው። እናቶቻችን ወገባቸው ላይ የሚታጠቁትን መቀነት አስቡት፤ ሥራው እሱ ነው፣ ዙሪያውን መያዝ። እዚህ ጽሑፍ ላይ “የውስጥ መቀነት” እለዋለሁ። ሲክስ ፓክ የምንለው ጡንቻ ግን ሌላ ነው። እሱ ከደረት ወደ ታች ቁልቁል የተዘረጋ ሲሆን ሲት አፕ (በጀርባ ተኝቶ ቀና ማለት) በዋናነት የሚያሠራው እሱን ነው። በቀን መቶ ሲት አፕ የሚሠራ ሰው ሆዱ ጠንክሮም ወደ ፊት እንደወጣ ሊቀር ይችላል።

ቫኪዩም የውስጥ መቀነቱን ማዘዝ ያስተምራችኋል። ሆድ ልቅ ብሎ እንዳይንጠለጠል ይረዳል፣ የጎድን አጥንትና የድያፍራም እንቅስቃሴ ይከፍታል፣ አቋቋምን ለማስተካከልም ሊረዳ ይችላል። ቦርጭ ግን አያቃጥልም። ሲክስ ፓክም አያወጣም። ከባድ ክብደት ስታነሡ ወገባችሁን አይጠብቅም፤ እዚያ ላይ እንዲያውም ይጎዳል፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሥራዎች

ሰው የሚደናገረው እዚህ ነው፤ ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

የመጀመሪያው እየተነፈሱ ሆድን በቀስታ ወደ ውስጥ መሳብ ነው። ጡንቻው ራሱ ይሠራል። ከእምብርት በታች ያለው ክፍል ጥቂት ገባ ይላል እንጂ ከውጭ የሚያስደንቅ ነገር አይታይም። ፊዚዮቴራፒስቶች የሚያስተምሩት ይህን ነው።

ሁለተኛው አየር በሙሉ ካስወጡ በኋላ ትንፋሽ ይዞ የጎድን አጥንትን መክፈት ነው። ሆድ ከጎድን አጥንት ሥር ጎድጎድ ብሎ የሚገባው በዚህኛው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1979 በተከታታይ ሚስተር ኦሎምፒያ የተባለውን የሰውነት ግንባታ ውድድር ያሸነፈው ፍራንክ ዜን መድረክ ላይ ያሳይ የነበረው ይህን ነው፤ በዮጋም ከጥንት ጀምሮ አለ። እዚህ ላይ የሚገርመው ሆዱን የሚስበው የሆድ ጡንቻ አለመሆኑ ነው። ደረት ሲከፈትና አየር ሳይገባ ሲቀር ደረት ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ድያፍራም ወደ ላይ ይመጠጣል፣ ሆድም ተከትሎት ይገባል። በስትሮ ጭማቂ ስትመጥጡ ፈሳሹ እንደሚወጣው ማለት ነው። የሆድ ጡንቻን ካጠነከራችሁ መንገዱን ዘጋችሁበት።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሥራ ጡንቻውን ታዛላችሁ፣ በሁለተኛው ትፈታላችሁ። ሁለቱን ቀላቅሎ በአንድ ጊዜ የሚሞክር ሰው አንዱንም አያገኝም። ደረጃ 2 የመጀመሪያውን፣ ከደረጃ 3 እስከ 5 ያለው ሁለተኛውን ያስተምራል። የሚገናኙት ደረጃ 6 ላይ ነው።

ማን አይሥራ?

ትንፋሽ የሚያዝበትን ክፍል፣ ማለትም ከደረጃ 3 ጀምሮ ያለውን፣ እነዚህ ሰዎች ሐኪም ሳያዩ አይሞክሩት፦

- እርጉዝ ሴት። ይህ ሐኪም ማየትም አያስፈልገውም፣ በእርግዝና ጊዜ አይሠራም።
- ደም ግፊቱ ያልተስተካከለ ወይም የልብ ሕመም ያለበት።
- ቡአ ያለበት።
- ሆዱን በቅርብ ጊዜ ኦፕራሲዮን የሆነ፤ በኦፕራሲዮን የወለደችም እዚህ ውስጥ ናት።
- የጨጓራ ቁስለት ያለበት፣ ወይም ቃሩ የባሰበት።
- የዓይን ግፊት ያለበት።
- የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ቶሎ ራሱን የሚስት።

ዝግጅት

1. ሆድ ባዶ ይሁን። ይህ ለምርጫ የሚተው አይደለም። የተመገበ ሆድ ወደ ላይ ሲመጠጥ ያቅለሸልሻል፣ ቃር ያመጣል። ምርጡ ሰዓት ጠዋት ከእንቅልፍ ተነስታችሁ ሽንት ቤት ከሄዳችሁ በኋላ፣ ከቡናም ከቁርስም በፊት ነው። በሌላ ሰዓት ከሆነ ከምግብ በኋላ ሦስት ሰዓት ጠብቁ። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ጠግባችሁ ከሆነ አራት ሰዓት አድርጉት፤ ጥራጥሬ ሆድ ይነፋል፣ የተነፋ ሆድ ደግሞ አይታዘዝም።

2. የምትጾሙ ከሆነ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት በማንኛውም ሰዓት መሥራት ይችላል። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ ውለው ማታ ከማፍጠሪያ በፊት ትንፋሽ መያዝ ግን ለማዞር ያጋልጣል። በዚያ ወር ደረጃ 1 እና 2ን ብቻ ሥሩ።

3. ወገብ የሚይዝ ነገር አይኑር። ቀበቶ ይፈታ፣ ጠባብ ላስቲክ ያለው ሱሪ ይቀየር። ሆዳችሁን የሚያሳይ ነገር ብትለብሱ ወይም ልብሱን ብትሰበስቡት ይሻላል፤ ካላያችሁት አታርሙትም።

4. ሜትር አዘጋጁ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ጠዋት፣ ቆማችሁ፣ በተለመደው መንገድ ተንፍሳችሁ ስትጨርሱ፣ ሆዳችሁን ሳትስቡ እምብርት ላይ ለኩና ጻፉት። በየሁለት ሳምንቱ በዚያው ሰዓት ድገሙት። በየቀኑ አትለኩ፤ የሆድ ልክ በበላችሁት ምግብ ብቻ ስለሚለዋወጥ ያሳስታችኋል።

5. ከፍታውን አስቡበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ትንፋሽ ቶሎ ያልቃል። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ያለ ጓደኛችሁ 20 ሰከንድ ቢይዝና እናንተ 12 ላይ ብትቆሙ ደካማ ስለሆናችሁ አይደለም፤ ከእሱ ጋር አትፎካከሩ።

ደረጃ 1፦ አየር ማስወጣት መማር

ሦስት ቀን ለዚህ ብቻ ስጡት። ቀላል ይመስላል፣ ግን ከደረጃ 3 በኋላ የሚበላሸው ነገር አብዛኛው መነሻው እዚህ ነው።

1. ምንጣፍ ላይ በጀርባ ተኙ። ጉልበት ይታጠፍ፣ የእግር መዳፍ መሬት ይርገጥ። አልጋ ላይ አይሁን፤ ፍራሽ ወገብን ያሰምጣል።
2. አንድ እጅ ደረት ላይ፣ አንድ እጅ ሆድ ላይ አስቀምጡ።
3. በአፍንጫ ለ3 ሰከንድ አየር አስገቡ። አትሙሉት፣ የተለመደው ይበቃል።
4. ከንፈራችሁን አሹላችሁ በአፍ አስወጡ። ከሰል እንደሚያቀጣጥል ሰው አትንፉ። ትኩስ ሻይ እንደምታበርዱ፣ ቀስ ብሎ፣ ከ6 እስከ 8 ሰከንድ።
5. አለቀ ስትሉ አላለቀም። “ሽሽሽ” እያላችሁ የቀረውን ጨምቁ። የጎድን አጥንታችሁ ወደ ታችና ወደ መሐል ሲሰበሰብ በእጃችሁ ይሰማችኋል።
6. ሳትተነፍሱ ለ2 ሰከንድ ቆዩ። ከዚያ በአፍንጫ በእርጋታ አስገቡ።

ስምንት ጊዜ ድገሙ። በእያንዳንዱ መሐል ሁለት ሦስት የተለመደ ትንፋሽ ውሰዱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ትንፋሽ ለመያዝ ብላችሁ በፍጥነት እየደጋገማችሁ አትተንፍሱ። ብዙ ሰው “ሳንባዬን ላዘጋጅ” ብሎ ያደርገዋል። በፍጥነት ሲተነፈስ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርዳል፣ “አየር አስገባ” የሚለው ምልክት ይዘገያል፣ ሰው ሳያውቀው ራሱን ሊስት ይችላል። በዚሁ ምክንያት ይህን ሥራ መዋኛ ገንዳ ወይም መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ፣ መኪና እየነዳችሁም በፍጹም አትሥሩት።

ደረጃ 2፦ የውስጥ መቀነቱን በጣት ማግኘት

አተኛኘቱ ያው ነው።

1. ዳሌያችሁ ላይ ፊት ለፊት የሚቆረቁረውን የአጥንት ጫፍ በሁለቱም በኩል ፈልጉ። ከእሱ ሁለት ጣት ያህል ወደ መሐል ገብታችሁ ለስለስ አድርጋችሁ ተጫኑ።
2. አንድ ጊዜ ሳሉ። ጣታችሁን የሚገፋ ነገር ተሰማችሁ? እሱን አይደለም የምንፈልገው፣ እንድትለዩት ነው።
3. አሁን በቀስታ እያስወጣችሁ ከእምብርት በታች ያለውን ሆድ ወደ ውስጥ ሳቡ። ጠባብ ሱሪ ዚፑን ስትዘጉ እንደምታደርጉት ነው፤ ኃይል ግን አትጠቀሙ። ካላችሁ አቅም ሲሶውን ብቻ።
4. ከጣታችሁ ሥር ጨርቅ ሲወጠር የሚመስል ለስላሳ ውጥረት ከመጣ አገኛችሁት። ጣታችሁን ወደ ላይ የሚገፋ ጉብታ ከመጣ ግን የጎን ጡንቻዎች ቀድመው ገብተዋል። ልቀቁ፣ ኃይሉን በግማሽ ቀንሱ፣ እንደገና ሞክሩ።
5. ውጥረቱን ይዛችሁ ተንፍሱ። ለ10 ሰከንድ። መተንፈስ ካቃታችሁ በጣም ስባችኋል ማለት ነው።

አሥር ጊዜ። አልገኝ ያላቸው ሰዎች ሽንት እንደሚይዙ ከታች ጥቂት ቆንጠጥ ቢያደርጉ ይረዳቸዋል፤ የዳሌ ወለል ጡንቻና የውስጥ መቀነቱ አብረው የመነሳት ልማድ አላቸው።

ይህን ደረጃ ከለመዳችሁት በኋላ በየትም ቦታ መሥራት ትችላላችሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ፣ ቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ። ማንም አያውቅባችሁም። በእኔ እምነት ከሁሉም ደረጃዎች ለተራው ሰው በጣም የሚጠቅመው ይሄ ነው። ለፎቶ ስለማያምር ብቻ ሰው ይዘለዋል፣ ያ ያሳዝነኛል።

ደረጃ 3፦ አየር የማይገባበት ትንፋሽ

ዋናው ይሄ ነው። ጊዜ ስጡት። አንዳንዱ ሰው በመጀመሪያው ቀን ያገኘዋል፣ አንዳንዱ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል።

1. እንደ በፊቱ ተኙ። እጆቻችሁ የታችኛው የጎድን አጥንት ላይ፣ ግራና ቀኝ ይሁኑ።
2. በደረጃ 1 መንገድ አየሩን በሙሉ አስወጡ።
3. አፍ ዝጉ። ጉሮሯችሁንም ዝጉ። ሌሊት ኮሽታ ሰምታችሁ ለማዳመጥ ትንፋሽ ስትይዙ ጉሮሮ እንደሚዘጋው።
4. ሆዳችሁን ፍቱት። ልክ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ሆድ ይሁን። ይህን ነጥብ አትዝለሉ።
5. አሁን በጣም ትልቅ አየር እንደምትስቡ አድርጋችሁ ደረታችሁን ክፈቱ፣ አየር ግን አንዲት ጠብታ አይግባ። የጎድን አጥንቱ እጃችሁን ወደ ጎን ይግፋው።
6. ሆድ በራሱ ጊዜ ከጎድን አጥንት ሥር ይሰምጣል። ለ3 ሰከንድ ያዙ።
7. ለመልቀቅ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ደረቱን መልሱ፣ ሆዱ ወደ ቦታው ይመለስ። ከዚያ ጉሮሮውን ክፈቱና በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ አስገቡ።

ደረቱን ሳትመልሱ ጉሮሮ ብትከፍቱ አየሩ በአንድ ጊዜ ዘው ብሎ ይገባል፣ ያስላል፣ ያስደነግጣል። ትንፋሽ አጥታችሁ እያለከለካችሁ የምትለቁ ከሆነ ከአቅማችሁ በላይ ይዛችኋል።

በትክክል መሥራታችሁን የምታውቁት እንዲህ ነው። ከአንገት አጥንት በላይ ያለው ጉድጓድ ወደ ውስጥ ይሳባል። ጉሮሮ ውስጥ የመመጠጥ ስሜት ይኖራል። እምብርት ወደ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ይሄዳል። ሆዱን በጣት ብትነኩት ለስላሳ ነው።

አምስት ጊዜ ይበቃል። በመሐል ቢያንስ አራት የተለመደ ትንፋሽ።

ደረጃ 4፦ ቆሞ ጎንበስ ብሎ

1. እግራችሁን በትከሻ ስፋት ከፍታችሁ ቁሙ፣ ጉልበት ጥቂት ይታጠፍ።
2. ጎንበስ ብላችሁ መዳፋችሁን ከጉልበት ከፍ ብሎ ጭን ላይ አሳርፉ። ክንድ ይዘርጋ፣ የሰውነታችሁ ክብደት እጅ ላይ ይውደቅ።
3. አስወጡ፣ ዝጉ፣ ሆድ ፍቱ፣ ደረት ክፈቱ። እጃችሁ ጭኑን ሲገፋ ደረት ይበልጥ ይከፈታል።
4. ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ያዙ፣ በቅደም ተከተሉ ልቀቁ።

ጀርባ አይጉበጥ፣ አገጭ ወደ ደረት ትንሽ ይቅረብ። ብዙ ሰው ተኝቶ ያቃተው እዚህ ሲደርስ ይገባለታል፣ ምክንያቱም እጅ ክብደቱን ስለተሸከመ ሆድ የሚያጠነክርበት ምክንያት አይኖረውም። ተኝታችሁ ለአንድ ሳምንት አልሆን ካለ ይህን ሞክሩና ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ደረጃ 5፦ በእጅና በጉልበት

መዳፍ ከትከሻ ሥር፣ ጉልበት ከዳሌ ሥር። ወገብ እንዳይሰምጥ ጠብቁ። እዚህ ስበት ሆዳችሁን ወደ መሬት ይጎትታል፣ ስለዚህ ይከብዳል። ሥራው ያው ነው። ከ8 እስከ 10 ሰከንድ፣ አምስት ጊዜ። ስልካችሁን በጎን በኩል አስቀምጣችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ሆድ ሲገባ ጀርባችሁ አብሮ ወደ ላይ ከጎበጠ የገባው ሆድ ሳይሆን የታጠፈው ወገብ ነው።

ደረጃ 6፦ ተቀምጦ፣ ከዚያም ቀጥ ብሎ ቆሞ

መጀመሪያ መደገፊያው ላይ ሳትደገፉ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ለአንድ ሳምንት። ከዚያ ቆማችሁ፣ እጅ ወገብ ላይ።

አሁን ሁለቱን ሥራዎች ታገናኛላችሁ። አስወጡ፣ ዝጉ፣ ሆድ ፍቱ፣ ደረት ክፈቱ፣ ሆዱ ይስመጥ። ከሰመጠ በኋላ ደረጃ 2 ላይ የተማራችሁትን መቀነት በለስላሳው ሳቡ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መቀነቱን ቀድማችሁ ከሳባችሁ ደረቱ አይከፈትም። ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በቂ ነው። ከዚያ በላይ የሚገፋ ሰው ለመድረክ የሚዘጋጅ ካልሆነ በስተቀር የሚያገኘው ተጨማሪ ነገር የለም።

ሲበላሽ

“ሆዴ ድርቅ ይላል እንጂ አይገባም።” ሆድ ላይ ፊት ለፊት ያለው ጡንቻ፣ ሲክስ ፓኩ፣ እየሠራ ነው። ለዚህ ችግር ጉልበት መጨመር መልስ አይሆንም። ደረጃ 3 ላይ ተመልሳችሁ አየር ካስወጣችሁ በኋላ ሆዳችሁን በእጃችሁ ወዝውዙት። እንደ ሊጥ ካልተወዛወዘ አልፈታችሁትም።

“ደረቴን ስከፍት አየር ይገባብኛል።” አፍንጫችሁን በሁለት ጣት ቆንጥጡ። ለሁለትና ሦስት ቀን እንዲህ ሥሩ። ጉሮሮ መዝጋቱን ሲለምድ ጣቱን አንሱ።

“ትከሻዬ ይነሳል።” ትከሻ መነሳት የአየር ረሃብ ምልክት ነው። በደንብ አላስወጣችሁም ወይም ረጅም ይዛችኋል። የመያዣውን ጊዜ በግማሽ ቀንሱ።

“የላይኛው ይገባል፣ የታችኛው ሆዴ ይወጣል።” ሲክስ ፓኩን እያኮማተራችሁ ወደ ታች እየገፋችሁ ነው። ይህ የዳሌን ወለል ያስጨንቃል፤ ስትሠሩ ሽንት ጠብ ካለባችሁ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል። ወዲያው አቁሙና ደረጃ 2 ላይ አንድ ሳምንት ቆዩ። ሽንቱ ከቀጠለ ሐኪም ያስፈልጋል።

“ያዞረኛል።” ልቀቁ፣ ተቀመጡ ወይም ተኙ፣ ተንፍሱ። የዚያን ቀን አትቀጥሉ። በማግሥቱ ሦስት ሰከንድ ብቻ ይዛችሁ ጀምሩ። ቆማችሁ የምትሠሩ ከሆነ ወደ መሬት ተመለሱ። በተደጋጋሚ የሚያዞራችሁ ከሆነ ግፊታችሁን ተለኩ።

“ወገቤን ያመኛል።” ደረት ስትከፍቱ ወገባችሁን ወደ ኋላ እየቀሰታችሁ ነው። ጉልበት ይበልጥ እጠፉ። ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድ ከሆነ ግን የአቋም ጉዳይ አይደለም፣ ሥራውን ትታችሁ ሐኪም እዩ።

“ሆዴ ላይ ስብ ስላለ መግባቱ አይታየኝም።” አይታይም፣ ግን ይሠራል። መስታወቱን ተዉት። የጣታችሁን ጫፍ ከታችኛው የጎድን አጥንት ሥር አድርጉ፤ ደረት ሲከፈት ጣቱ ወደ ውስጥ ከገባ ተሳክቷል።

በሳምንት ስንት ጊዜ?

በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። የመጀመሪያውን ሳምንት ደረጃ 1 እና 2። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ደረጃ 3 ከደረጃ 2 ጋር። ከዚያ በኋላ ያለውን ደረጃ የምትቀይሩት አምስቱንም ዙር ሳታለከልኩ ስትጨርሱ ነው፣ የቀን ቁጥር አይደለም የሚወስነው። ጊዜ ስትጨምሩ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰከንድ ብቻ። ሁለት ወር አካባቢ ቆሞ መሥራት ላይ መድረስ ጥሩ ፍጥነት ነው፤ ዘግይታችሁ ብትደርሱም ችግር የለውም።

ክብደት ስታነሡ አትሳቡት

ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ላይ ይህን ስህተት አሠልጣኞችም ሲያስተምሩት ሰምቻለሁ፦ “ስኳት ስትወርድ ሆድህን ወደ ውስጥ ሳብ።” አይሆንም።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ ሆጅስና ሪቻርድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ሰው እጁን ከማንሳቱ በፊት የውስጥ መቀነቱ ቀድሞ እንደሚነሳ፣ ወገቡን በሚያመው ሰው ላይ ግን እንደሚዘገይ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ “ሆድ መሳብ ወገብ ያድናል” የሚለው ነገር ጂም ገባ። በኋላ ካናዳዊው የአከርካሪ ተመራማሪ ስቱዋርት ማክጊል በጭነት ጊዜ ሆድን ወደ ውስጥ ከመሳብ ይልቅ ዙሪያውን ማጠንከር አከርካሪን ይበልጥ እንደሚያጸና ተከራከረ። በዚህ እኔ ከማክጊል ጋር ነኝ። ድንኳን የሚቆመው ገመዱ በየአቅጣጫው ሲወጠር ነው፤ ገመዶቹን ወደ ምሰሶው ብታስጠጉ ያዘማል።

ስለዚህ ስኳት፣ ዴድሊፍት (ክብደት ከመሬት ማንሳት) ወይም ቤት ውስጥ 25 ሊትር ጀሪካን ስታነሡ፦

1. አየር ወደ ሆድና ወደ ጎን አስገቡ።
2. ሰው ሆዳችሁን በቡጢ ሊመታ ነው ብላችሁ ዙሪያውን አጠንክሩ። አትሳቡ፣ አትግፉም።
3. አንሱ፣ ሲያልቅ ተንፍሱ።

ቫኪዩም እና ክብደት በተለያየ ሰዓት ይሁኑ። ጠዋት ቫኪዩም፣ ማታ ጂም። ሆዳችሁን ማጠንከር የምትፈልጉ ከሆነ ከቫኪዩም ጎን ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ)፣ የጎን ፕላንክና ሌላ የሆድ ሥራ የግድ ያስፈልጋል።

ሜትሩ ስለ ቦርጭ የሚነግራችሁ

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሜትሩ ቀንሶ ልታገኙ ትችላላችሁ። ጥሩ ነው፣ ግን ስብ ቀለጠ ማለት አይደለም። ልቅ የነበረው ሆድ መያዝ ጀመረ፣ አቋማችሁ ተስተካከለ። የሆድን ስብ ብቻ ለይቶ የሚያቃጥል እንቅስቃሴ የለም። ቦርጩ የሚቀንሰው ከምታወጡት ያነሰ ጉልበት በምግብ ስታስገቡ ነው። ሻይ ላይ የሚጨመረው ስኳር፣ ለስላሳው፣ ቢራው፣ ወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት፣ ማታ ዘግይቶ የሚበላው እንጀራ፣ እሱ ሳይነካ ቫኪዩም ለአንድ ዓመት ብትሠሩ ቦርጩ አይሄድም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ተስፋ ቆርጣችሁ ጥሩ ነገር እንዳትተዉ ነው።

ከወለዳችሁ በኋላ

አራስ ሆዷን በመቀነት ወይም በነጠላ ጠበቅ አድርጋ ስታስር አይተናል። ማሰሩ ድጋፍ ይሰጣል፣ ለመነሳት ለመቀመጥ ያግዛል። ጡንቻውን ግን አያሠራውም። በጣም ሲጠብቅ ደግሞ ወደ ታች ይገፋል፣ ስለዚህ መተንፈስ እስኪያቅት አይታሰር።

ከስድስት ሳምንት በፊት ትንፋሽ የሚያዝበትን ክፍል አትሞክሩ። በኦፕራሲዮን ከሆነ ሐኪማችሁ እስኪፈቅድ ጠብቁ። ስትጀምሩም መጀመሪያ የግራና የቀኝ የሆድ ጡንቻችሁ በመሐል ተከፍቶ እንደሆነ ፈትሹ፦

1. በጀርባ ተኙ፣ ጉልበት ይታጠፍ።
2. ጣቶቻችሁን አግድም እምብርት ላይ አድርጉ፣ ጫፋቸው ወደ ታች ይጫን።
3. ጭንቅላታችሁን ብቻ ከመሬት ጥቂት አንሱ።
4. በግራና በቀኝ የጡንቻ ጠርዝ ጣታችሁን ሲነካ በመሐል ስንት ጣት እንደሚገባ ቁጠሩ። ከእምብርት በላይና በታችም ድገሙት።

ክፍተቱ ከሁለት ጣት በላይ ከሆነ፣ ወይም ጭንቅላት ስታነሡ መሐሉ ላይ እንደ ጀርባ አጥንት ሾጠጥ ብሎ የሚወጣ ነገር ካለ፣ ሲት አፕና ፕላንክ ለጊዜው ይቅሩ፤ ሆድን ወደ ውጭ የሚገፉ ናቸው። ደረጃ 1 እና 2ን በቀን ሁለት ጊዜ ሥሩ። ፊዚዮቴራፒስት አይቷችሁ እሺ እስኪላችሁ ድረስ ደረጃ 3 ላይ አትውጡ።